የአትጠገብ እማኝ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በዚያ ዓመት በእኛ ከተማ የተሰማው ጉድ ግን ለብዙ መስከረም የሚበቃ ነበር። እኔ የከተማው ነጋሪት ጎሳሚ ነኝ። አዋጅ ሲመጣ እናገራለሁ፤ አዋጅ ሳይመጣ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው በአፌ ብቻ ነው፤ ዓይኔና ጆሮዬ ዕረፍት አያውቁም። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ የሚያውቃት ሰው «ውሸት ነው፣ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም» ይላል፤ የማያውቃት ደግሞ «አዬ፣ እዚያማ የማይደረግ ነገር የለም» ይላል። ሁለቱም ደስ አይሉኝም። በሦስት በኩል ወንዝ የከበባት፣ በአራተኛው በኩል ገደል የደገፋት ከተማ ናት ብል ይበቃል።

ነገሩ እንዲገባችሁ በመጀመሪያ ስለ እማኝ ልንገራችሁ። በእኛ ከተማ ሰው ስለ ራሱ ጠባይ አይናገርም። «ደግ ነኝ» ያለ ሰው ራቁቱን ገበያ እንደወጣ ይቆጠራል። «ክፉ ነኝ» ያለማ ይብሳል፤ «አይደለህም በሉኝ» ማለቱ ነው ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ እናትና አባት በስውር አንድ ሰው ይመርጡለታል። ዘመድ አይሆንም፣ ወዳጅም አይሆንም፤ ዘመድ ያዳላል፣ ወዳጅም ይሸፍናል። የተመረጠው ሰው እማኝ ይባላል። የእማኝ ሥራ ማየት ነው። ልጁ ሲያድግ፣ ሲያገባ፣ ሲከብር፣ ሲወድቅ ያያል። አይመክረውም፣ አይገሥጸውም፤ እማኝህ ነኝ ብሎም አይነግረውም። ሰውየው ሲሞት ብቻ፣ መቃብሩ ከመደፈኑ በፊት፣ እማኙ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ያየውን ይናገራል። ያን ጊዜ ሟቹ ማን እንደነበረ ይታወቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እኛ ዘንድ ተረት አይደለም፣ ሥርዓት ነው።

እማኙ ቀድሞ የሞተ እንደሆነ በራሱ ቀብር ላይ «የእገሌ እማኝ ነበር» ተብሎ ይገለጣል፤ የእገሌ እናትና አባትም ሌላ ይመርጣሉ። እናትና አባት ከሌሉ ግን መራጭ የለም። እማኝ የሌለው ሰው በዝምታ ይቀበራል። እንዲህ ያለ ቀብር አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አፈሩ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በከተማችን እማኝ እንደሌላት የሚታወቅ ሰው አንዲት ብቻ ነበረች፤ አትጠገብ ትባላለች። እናትና አባቷን የትኩሳት ወረርሽኝ በገባበት ዓመት ገና ልጅ ሳለች አጣች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ እማማ ደብሬ ሲሞቱ የአትጠገብ እማኝ እሳቸው እንደነበሩ ተገለጠ። በዚያ ቀን ቀብር ላይ ነበርኩ። ልጅቷ የአሮጊቷን አስከሬን ስትመለከት ያየሁት ፊት የሐዘን ብቻ አልነበረም። መጽሐፏ ገና ሳይነበብላት ተዘግቶ የተወሰደባት ትመስል ነበር።

ከዚያ አድጋ ወደ ባሕሩ ወደብ ወረደች፣ የባሕር ማዶ ሰዎችን ቋንቋ ተምራ ተመለሰች፣ በወላጆቿ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች። ነጋዴ ደብዳቤ ሲመጣለት ታነብለታለች፣ ሲመልስ ትጽፍለታለች። ቁጡ ናት። ከሁሉ በላይ የምትቆጣው በጎረቤቷ በወይዘሮ ትርንጎ፣ በእማማ ደብሬ ልጅ ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር አለ። አትጠገብ አጥሩ እንዲያድግላት ትፈልጋለች፤ ትርንጎ ደግሞ ወገብ በደረሰ ቁጥር በማጭድ ትከረክመዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አጥሬ ምን አደረገሽ?»

«ፀሐይ ከለከለኝ።»

«ፀሐይ በዚህ በኩል አትወጣም!»

«እንግዲያው ነፋስ ከለከለኝ። ምን አገባሽ!»

ይህ ጭቅጭቅ በየክረምቱ ይሰማል፤ ሰፈሩ ከዝናቡ እኩል ለምዶታል። ቅንጭብ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይረጫል፣ ወተቱም ዓይን ያጠፋል። አንድ ክረምት ትርንጎ ስትከረክም ወተቱ ገባባትና ቀኝ ዓይኗ ጠፋ። ከተማው «የሰው አጥር መቁረጥ ዋጋው ይኸው ነው» አለ። እኔም ብያለሁ። በሚቀጥለው ክረምት በአንድ ዓይኗ መጥታ ከረከመችው። ያን ጊዜ ሁላችንም እልከኛ ናት አልን።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ከላይኛው ግቢ፣ መንግሥት ከሚቀመጥበት፣ አዋጅ መጣ፤ እኔም ነጋሪቱን ጎሰምኩ። አዋጁ እንዲህ ይል ነበር፦ «የሕዝብ ጠባይ ሳይታወቅ አገር ማስተዳደር ዓይን ጨፍኖ ማረስ ነውና፣ ከባሕር ማዶ የጠባይ ሚዛን አስመጥተናል። የተለካ ከተማ ድልድይ ይሠራለታል። ያልተለካ ሰው እንደ እንግዳ ተቆጥሮ ከወንዙ ማዶ በእንግዶች ሰፈር ይቀመጣል።» የእንግዶች ሰፈር ማለት ጎርፍ በየዓመቱ የሚጠርገው አሸዋማ ሜዳ ነው። ስሙ አምሮ ይሰማል እንጂ ማንም እዚያ ከርሞ አያውቅም።

ከአዋጁ በኋላ ሚዛነኛው መጣ። ረጅም፣ ትሑት፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ የባሕር ማዶ ሰው ነው። ሚዛኑን ለማየት የወጣው ሕዝብ ብረትና ገመድ ሲጠብቅ ሰውየው ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ በእሱ አገር እጅግ የተፈተኑ ናቸው፤ በእነሱ ተለክቶ ያልታወቀ ሰው የለም ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ የመለወጡ ሥራ ለአትጠገብ ተሰጠ። ከተማው በዚያ ቀን ኮራባት። እሷም ሥራውን እንደ ቀላል ነገር ተቀበለችው።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻዬን መሆን እወዳለሁ» ይላል። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሆን የጠፋ በግና የተረገመ ሰው ነው። አትጠገብ ስታስብ ውላ «ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሰው ባይከተለኝ ደስ ይለኛል» ብላ ጻፈችው። ለአንዲት አሮጊት ብታነብላቸው ደነገጡ። «ለምን አይከተለኝም? ማን ተጣላኝ? እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ አትደብቂኝ!» ብለው ሽማግሌ ሊልኩ ተነሡ።

«የማላውቀው ሰው በመንገድ ሲያነጋግረኝ እጨነቃለሁ» የሚለውም አስቸገረ። በእኛ መንገድ ሰላምታ የሚጀመረው ከአባት ስም ነው፤ ከዚያ ወደ አያት፣ ከአያትም ወደ አገር ቤት ይወረዳል። ሁለት ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ ተዛምዷል። የማናውቀውን ሰው ፈልገን አጣን። ደግሞ «ስለ ነገ እጨነቃለሁ» የሚለው ሲነበብ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ «እሱ ያውቃል» አለ። ሚዛነኛው መልሱን በትጋት ሲመዘግብ ቆይቶ ወደ አትጠገብ ዞረ።

«ይህ እሱ የሚሉት ሰው ማነው?»

«ሁሉን የሚያውቅ ነው» አለችው።

«ታዲያ ሁሉንም ሰው የሚያውቅ ከሆነ ለምን እሱን አንጠይቀውም?»

አትጠገብ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ ሰማይ አየሁ።

ያም ሆነ ይህ መጠይቁ አለቀና ሕዝቡ ተሰበሰበ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ድረስ መልስ ተዘጋጅቷል። ከላይኛው ግቢ የመጣ ወረቀት ፊት ቀርቦ አልስማማም የሚል ደግሞ በእኛ ከተማ አልተወለደም። «ቁጡ ነኝ» ሲባል ሁሉም በጣም ተስማማ። «ቁጡ አይደለሁም» ሲባልም በጣም ተስማማ። ፈሪም ነን፣ ጀግናም ነን፤ ሰው እናምናለን፣ ማንንም አናምንም። ስለ ራሳችን ግን አንዲት ቃል አልተናገርንም፤ የተስማማነው ከመንግሥት ጋር ነው። ሥርዓታችንን ሳንሽር አዋጁን ፈጸምን ብለን ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን።

መልሱ ወደ ላይኛው ግቢ ሄዶ ተደመረ። ውጤቱ ሲመጣ ነጋሪት ጎስሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልተሳሳትኩም። «የመልሳችሁ ሁሉ ልክ አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም የተነሣ በከተማችሁ የሚኖረው ሰው አንድ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። አንድ ሰው የሚከሰው ሌላ ሰው ስለሌለ ዳኛው ተሻረ። ከራሱ ገዝቶ ለራሱ የሚሸጥ አጭበርባሪ ነውና ገበያው ተዘጋ። ሁለተኛ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሠርግ ቆመ፤ ይህን ሳነብ አንዲት ሙሽራ ከነቬሎዋ ፊቴ ቆማ ነበር። በመጨረሻም «ለአንድ ሰው ድልድይ አይሠራም፤ ዋና ይማር» ይላል። ሕዝቡ አዳምጦ ሲያበቃ «በጣም እንስማማለን» ብሎ ተበተነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛም ወረቀቱም አልለቀቅንም።

ሚዛነኛው በዚህ አዘነ። ተንኮል የሌለበት ሰው ነበር። አትጠገብ ቤት ደጃፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ አየሁት። እኔ አዋጁን በሯ ላይ ልለጥፍ ሄጄ ነው፤ ነገራቸውን የሰማሁትም ስለዚህ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው አትጠገብ። «ቃሉን ለወጥኩ እንጂ ሚዛኑን አልለወጥኩም። አንተ የምትጠይቀው ሰውየውን ነው። እኛ ጋ ሰውየው አይጠየቅም።»

«ከሰውየው ይበልጥ ራሱን የሚያውቅ ማን አለ?»

«ጀርባህን አይተኸው ታውቃለህ?»

ሰውየው ሳያስበው አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ፤ ከዚያም አፍሮ ሳቀ። ስለ እማኝ ነገረችው። ከጅምሩ እስከ መቃብሩ ድረስ ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እንዲህ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጥያቄው ሁሉ ወደ እማኙ መዞር አለበት። ‹እኔ› የሚለው ‹እሷ› እና ‹እሱ› ይሆናል።»

«አዎ።»

«ያንቺ እማኝ ማነው?»

«የለኝም።»

እኔ የያዝኩትን ወረቀት ሳልለጥፍ ቆምኩ።

«ታዲያ መጠይቁን እንዲህ ካደረግሽው አንቺን የሚለካሽ የለም። ያልተለካ ሰው ደግሞ…»

«ወንዙን ይሻገራል። አዋጁን ሰምቻለሁ፤ ጎሳሚው ድምፁ ጥሩ ነው።»

«ለአንቺ ብቻ የድሮውን መጠይቅ ብንተውልሽስ?»

አትጠገብ ዞር ብላ ቤቱን አየችው፤ የአባቷን ቤት። ስታየው ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እንደምትፈራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የፈራችው አሸዋውንና ጎርፉን ብቻ አይመስለኝም። በእንግዶች ሰፈር የሞተ ሰው በዝምታ እንደሚቀበር ሁላችንም እናውቃለን።

«ለአንድ ሰው የተለየ ሚዛን ሚዛን አይባልም» አለችው፤ ገብታም ብዕሯን አነሣች።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እሺ አላሉም። ትልቁ ሽማግሌ አባ ጠንክር በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

«እማኝ ከመቃብር በፊት ተናግሮ ያውቃል? ደግሞስ እማኙ ከታወቀ እማኝነቱ ምኑ ላይ ነው? ሰውየው ማን እንደሚያየው ካወቀ ነገ ጠባዩን አሳምሮ ይመጣል!»

ነገሩ ሲጎተት ሰንብቶ ራሳቸው አባ ጠንክር መላ አገኙ። እማኙ ከመጋረጃ ወዲያ ሆኖ ይናገር፤ ሰውየው ወዲህ ሆኖ ይስማ። ፊቱ ስለማይታይ እማኙ አልተገለጠም ይባላል። በከተማችን የሁሉም ሰው ድምፅ በሁሉም ሰው ዘንድ የታወቀ መሆኑን ያነሣ ደፋር አልነበረም። ድምፅ ያወቀ ሰው እንዳላወቀ እንዲሆን በነጋሪት አስታወቅኩ። ሕዝቡ በጣም ተስማማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፌ አይበቃም። በአደባባዩ ዋርካ ሥር ነጭ መጋረጃ ተዘረጋ። ወዲህ አንድ በርጩማ፣ ወዲያ አንድ በርጩማ፤ መሀል ላይ ሚዛነኛውና አትጠገብ ከነወረቀታቸው፤ ከጎናቸውም ሥራውን ሊቆጣጠር ከላይኛው ግቢ የተላከ ጸሐፊ። እማኞቹ ከኋላ ባለው የገደል መንገድ እየመጡ በተራ ይገባሉ።

በመጀመሪያ የተሻረው ዳኛ ቀረበ። ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ፈገግ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። አትጠገብ «በሰው ላይ ይጨክናል?» ብላ ጠየቀች። ከመጋረጃው ወዲያ የጨው ነጋዴው ድምፅ መጣ፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ያሰረው ሰው ነው። «ይመስላል እንጂ አይጨክንም» አለ። «የፈረደበትን ሰው ቤት ማታ ማታ በሩቅ ይዞረዋል። ጭስ ካየ ይመለሳል። ጭስ ካላየ ባሪያ እንኳ የማይሸከመውን እህል ራሱ ተሸክሞ ከደጅ ያኖራል። እኔ ቤትም አኑሯል።» ዳኛው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። የዋርካው ቅጠል ድምፅ ይሰማ ነበር።

እንዲያ እያለ ቀጠለ። ደግ ነው የተባለ ስስታም ሆኖ ተገኘ፤ ሰነፍ የተባለች ሴት ለታመመ ባሏ ስትነሣ ስትወድቅ እንቅልፍ ያጣች ሆና ተገኘች። ክፉም ተነገረ፤ እማኝ አይደልልም። የሚገርመው ክፉ የተነገረበትም ሰው ሲነሣ ቀለል ብሎት ነበር። የኔ እማኝ አዋጅ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንቀላፋው ሸማኔ ሆኖ አረፈው። ለካ ዓይኑን የሚጨፍነው ድምፄን ለመለየት ኖሯል! የማላምንበትን አዋጅ ሳነብ ነጋሪቱን ከልክ በላይ እንደምደልቅ ነገራቸው። ይህን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልኬን ሰው እያየኝ መኖሬን ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት ዛሬም አላወቅሁትም። ሚዛነኛውማ መጻፉን ትቶ ነበር። አትጠገብ ብዕሩን ከመሬት አንሥታ ትሰጠዋለች፣ ደግሞ ይጥለዋል።

በመጨረሻ ያልተለካ ሰው ጠፋ። አትጠገብ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። ከዚያ የቀረውን አንድ ባዶ ወረቀት ለሚዛነኛው ሰጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም። ሥርዓቱ ይፈጸም ብላ ይመስለኛል፤ መጋረጃው ባዶ መሆኑ በሕዝብ ፊት ይታይና ጉዞዋን ትጀምር።

ሚዛነኛው በሰባራ አማርኛችን የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ። «ብቻዋን መሆን ትወዳለች?»

ከመጋረጃው ወዲያ ምንም አልተሰማም። አንድ ሕፃን አለቀሰና እናቱ አፉን ያዘችው። አትጠገብ ጣቶቿን አቆላልፋ መሬቱን ታያለች። አባ ጠንክር ዘንጋቸውን አንሥተው ሊነሡ ሲሉ በገደሉ መንገድ ጠጠር ተንከባለለ፤ በርጩማውም ሲጢጥ አለ።

«አትወድም» አለ ድምፁ። «ትችለዋለች እንጂ አትወደውም።»

በዚያ አደባባይ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስንት ክረምት በቅንጭብ አጥር ላይ ሲጮህ የሰማነው ድምፅ ነው። አትጠገብ ቀና አለች።

«በቀላሉ ትቆጣለች?»

«በጣም! እሳት ናት። ግን ቁጣዋ የጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ይጸጽታትና ደጅ ቆማ የሚመጣ ሰው ትጠብቃለች። የሚመጣ ስታጣ ዶሮዎቹን ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ሰው ታምናለች?»

«ወጣ ስትል ቁልፏን ከደጃፏ ድንጋይ ሥር ትደብቃለች፤ ማንም አላየኝም ብላ ነው። ደህና አድርጋ ታምናለች።»

«የሌላ ሰው ችግር ይሰማታል?»

ድምፁ ዝቅ አለ። «አንዲት ጎረቤቷ ዓይኗ በጠፋ ጊዜ ከተማው ሁሉ ይበላት አለ። እሷ በየጠዋቱ እርጎ ከደጃፏ ታስቀምጥላት ነበር። የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ቅሉን ከሌላ ሰፈር ተውሳ። ሴትዮዋ በልታ ቅሉን አጥባ ታስቀምጣለች። ሁለቱም አንድ ቀን አልተነጋገሩበትም።»

አትጠገብ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አጠገቤ የቆመውን ሰው ላለማየት ወደ ዋርካው አየሁ፤ እሱም ወደ ዋርካው ያይ ነበር።

«ሥራዋን በጥንቃቄ ትሠራለች?»

«ይህን ወረቀት ስትጽፍ ለሁላችሁ በር ከፈተች፤ ለራሷ ግን አንዲት ቀዳዳ አልተወችም። ከዚህ ሌላ ምን ልበል?»

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነበር፤ አትጠገብ ራሷ የጨመረችው ነው። ሚዛነኛው ሁለት ጊዜ ጀመረው። «እማኝ ይህን በምን አወቀ?»

«እናቴ ስትሞት ጅምር ሥራ ትታ ነበር» አለ ድምፁ። «ጨርሺልኝ አለችኝ። አጥር ዝቅ ካለ ሁሉ ይታያል።»

ያን ጊዜ ያ ሁሉ ክረምት ገባኝ። ማጭዱ፣ ፀሐይ ከለከለኝ የሚለው ሰበብ፣ የጠፋው ዓይን፤ በቀረው አንድ ዓይን ተመልሳ መምጣቷ። እልከኛ ናት ያልኩበትን አፌን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። በሕይወቴ ብዙ ትልልቅ ነገር አውጄአለሁ፤ የዚያን ያህል ትልቅ ነገር ግን አላየሁም። ሕዝቡ አንድ በአንድ ተነሣ። ያዘዘው የለም።

ከላይኛው ግቢ የመጣው ጸሐፊ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህች እማኝ በእናትና አባት የተመረጠች አይደለችም። እማኝነት በውርስ ይተላለፋል ወይ?»

ሁሉም ወደ አባ ጠንክር አየ። አባ ጠንክር ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆዩ።

«የትኛዋን እማኝ ነው የምትለው? መጋረጃ አለ። ማን እንደተናገረ አላወቅንም። ያላወቅነውን ሰው እንዴት እንሽራለን?»

«ድምፁ እኮ…»

«ድምፁን ታውቀዋለህ?» አሉት፤ ወደ ሕዝቡም ዞሩ። «እናንተስ ታውቁታላችሁ?»

«በጭራሽ!» አለ ሕዝቡ። ከተማችን ለመንግሥት ሰው አልስማማም ያለው በዚያን ቀን ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም። ወረቀቷ ላይ ማኅተም ተመታ። አትጠገብ ተለካች።

መልሱ ከላይኛው ግቢ ዘግይቶ መጣ። በከተማችን ሁለት ተመሳሳይ ሰው ስላልተገኘ መደመር አልተቻለም ይላል። ዳኛው ወደ ወንበሩ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው፣ ሙሽራዋም ወደ ሠርጓ ተመለሱ። «ስለ ድልድዩ ግን፣ እርስ በርሱ ይህን ያህል የሚተዋወቅ ሕዝብ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ምክንያት ስለማይታየን ቀርቷል።» ይህን ሳነብ ነጋሪቱን እንዴት እንደደለቅሁት ሸማኔው ያውቃል።

ሚዛነኛውን እስከ ወንዙ ሸኘነው። ታንኳው ላይ እግሩን ካሳረፈ በኋላ ዞሮ «እኔንስ ማን ያየኛል?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ግን ደግሞ እማኝ መቼ ይናገራል? ታንኳው ወዲያ ማዶ ደርሶ ሰውየው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ አንድም ሰው ከዳር አልተንቀሳቀሰም።

ሥርዓት ነውና አትጠገብ ከመጋረጃው ወዲያ ማን እንደነበረ አታውቅም። ልታመሰግንም አይፈቀድላትም። ክረምቱ ገባ፤ ቅንጭቡም ወገብ ደረሰ። አንድ ጠዋት ትርንጎ ማጭዷን ይዛ ስትወጣ በዚያ መንገድ አልፍ ነበር። አርጅታለች፤ ክንዷ እንደ ድሮው አይነሣም። ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጣ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆመች። ይኼኔ አትጠገብ ከወዲህ በኩል ዓይኗን በሻሽ ጋርዳ፣ ማጭድ ይዛ ወጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ጀመርሽ? ከአጥሬ ላይ እጅሽን አንሺ! ካስፈለገ እኔው እቆርጠዋለሁ!»

«አንቺ ደግሞ መቁረጥ ታውቂያለሽ? ጠማማ አታድርጊው!»

«የራሴ አጥር ነው፣ ባጣምመውስ!»

ሰፈሩ ሁሉ ጭቅጭቁን እየሰማ ወደ ሥራው ሄደ። ስመለስ አጥሩ ከጉልበት በታች ሆኗል፤ ከዳር እስከ ዳር። ትርንጎ በርጩማዋን አውጥታ ደጇ ተቀምጣለች። አትጠገብም በግቢዋ ውስጥ ሥራዋን ትሠራለች። ወደ ጎረቤቷ ቀና ብላ አታይም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ድሮ ቸኩላ የምትራመድ ሴት አሁን ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ቤት ስትመላለስ ቀስ ትላለች። በአንድ ዓይን የሚያያትን ሰው እንዳታመልጠው።